ጥርስ ተነቅሎ ቤት ሲገባ



ከቤተሰባችን አንዱ ሆዱ ተቀዶ ከሆስፒታል ሲወጣ አልጋ ይነጠፋል፤ ዶሮ ይሠራል፤ ጠያቂ ይጎርፋል። እጁ ተሰብሮ በጀሶ የታሰረም ቢሆን «አይዞህ» የሚለውና ዕቃ የሚቀበለው አያጣም። ጥርሱን አስነቅሎ ለገባ ሰው ግን ወጉ ሌላ ነው። «ጥርስ ነው እኮ!» ተብሎ ይታለፋል። ጥርሷን ያስነቀለችው የቤቱ እመቤት ከሆነች ደግሞ ጠዋት ከሐኪም ዘንድ ተመልሳ ማታ ምድጃ ሥር ብትገኝ የሚገረም የለም። እርሷ ራሷም ብትሆን በዚህ ምክንያት መተኛት ነውር መስሎ ይታያታል።

ዛሬ በዚህ ዓምድ ስለዚሁ ጉዳይ ልናጫውትዎ የተነሣነው ቀራንዮ ውስጥ የሚኖሩ አንዲት የአራት ልጆች እናት የገጠማቸውን ከሰማን በኋላ ነው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ እኛም አንጠራውም። እኚህ እናት እንጀራ ጋግረው በየሱቁ በማስረከብ ቤታቸውን የሚያስተዳድሩ ናቸው። ለወራት ሲያስጨንቃቸው የኖረውን የታችኛውን የቀኝ መንጋጋ ጥርስ አንድ ማክሰኞ ጠዋት አስነቀሉ። ነቀላው ራሱ የፈሩትን ያህል አልነበረም። ጎዝ አስነክሰው፣ የሚወሰደውን መድኃኒት በወረቀት ጽፈው አሰናበቷቸው። ቤት ሲገቡ ምን ማድረግ እንዳለባቸውም ሳይነገራቸው አልቀረም፤ ነገር ግን አፋቸው ደንዝዞ፣ ልባቸውም ገና ከድንጋጤው ሳይመለስ የተነገረ ነገር እስከ ጦር ኃይሎች ታክሲ ተራ እንኳ አብሯቸው አልሄደም።

ቤት እንደ ደረሱ ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ «ደሙን አትዋጪው፤ ትፊው እንጂ» አለች። እርሳቸውም ሲተፉ ዋሉ። ሁለተኛዋ ጨው በሙቅ ውኃ በጥብጣ አጉመጠመጠቻቸው። ሦስተኛዋ፣ ከሁሉም የምትወዳቸው እርሷ ናት፣ ከቤቷ በጠርሙስ አረቄ ይዛ መጥታ «ይህ ቁስሉን ያደርቀዋል» ብላ በጥጥ ነክራ አሲያዘቻቸው። ማታ ደግሞ የረቡዕ ማስረከቢያ አለባቸውና ሊጡ እየጠበቀ ነው። መብራት በመጥፋቱ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ቀርቶ በእንጨት ተጋገረ። እፍ እያሉ፣ እያጎነበሱ፣ ጭሱ ፊታቸውን እየገረፈው ስድሳ እንጀራ አወጡ።

ረቡዕ ዋለ። ሐሙስም ቀኑን ተሽሏቸው ዋለና ማታ ላይ ከነቀላው በፊት እንኳ የማያውቁት ሕመም ጀመራቸው። ከመንጋጋቸው ተነሥቶ ጆሯቸውን ይሰረስራል፤ ጭንቅላታቸውን ይዞ ይወርዳል። አፋቸው ሸተተ። ሁለት ሌሊት ቁጭ ብለው አነጉ። ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሐኪሙ ሲመለሱ ሐኪሙ በትንሽ መስታወት አየት አድርጎ ጉድጓዱ ደርቋል አላቸው። አጥቦ፣ ቅርንፉድ ቅርንፉድ የሚል መድኃኒት ጠቀጠቀበት። ሕመሙ ገና ከወንበሩ ሳይነሡ መብረድ ጀመረ።

ከሁሉም የቆጫቸው ምን እንደሆነ ስንጠይቃቸው፣ ያን ሁሉ ሥቃይ ያመጣባቸው ጠላት ሳይሆን የሚወዷቸው ሰዎች መሆናቸው ነው አሉን። እውነታቸውን ነው። ጥርሱን ያስነቀለ ሰው ቤት ሲገባ ከሚደረግለት ነገር አብዛኛው ከፍቅር የመነጨ ነው። አብዛኛውም ይጎዳዋል።

<b>የረጋው ደም</b>

ነገሩን ለመረዳት ጥርስ የት እንደሚቀመጥ ማሰብ ያስፈልጋል። ጥርስ ድድ ላይ የተተከለ ይመስለናል እንጂ ሥሩ የገባው በመንጋጋ አጥንት ውስጥ ነው። ስለዚህ ጥርስ ሲነቀል የሚቀረው የሥጋ ጭረት ሳይሆን አጥንት ውስጥ የገባ ክፍት ጉድጓድ ነው። እግራችን ላይ እንዲህ ያለ አጥንት የሚያሳይ ቀዳዳ ቢኖር ኖሮ ማን ቁሞ እንጀራ ይጋግር ነበር?

ይህን ጉድጓድ የሚሸፍነው ሌላ ነገር የለም፤ የገዛ ራሳችን ደም ነው። ደሙ ጉድጓዱን ሞልቶ ይረጋል፤ እንደ ክዳን ሆኖ አጥንቱንና ጫፉ የተገለጠውን ነርቭ ይከልላል። ከዚያም ሰውነት በዚያ በረጋው ደም ውስጥ ጥቃቅን የደም ሥሮችን እያበቀለ፣ ቀስ በቀስ ወደ ሥጋ፣ በኋላም ወደ አጥንት ይለውጠዋል። እንግዲህ ያ ጥቁር ቀይ የረጋ ደም ቆሻሻ አይደለም። መድኃኒት ቤት የማይሸጥ መድኃኒት ማለት እርሱ ነው።

ሲተፉ፣ በኃይል ሲጉመጠመጡ፣ በቀጭን ቱቦ መጠጥ ሲስቡ፣ ሲጋራ ወይም ሺሻ ሲምጉ፣ እሳት እፍ ሲሉ አፍ ውስጥ የሚፈጠረው ግፊትና ስበት ይህን ክዳን ሊነቅለው ይችላል። ሙቅ ነገር ያሟሟዋል። አረቄ ደግሞ ገና ያልጠገገውን ሥጋ ያቃጥላል። ክዳኑ ሲሄድ አጥንቱ ባዶውን ይቀራል፤ ምራቅና የምግብ ፍርፋሪ ይገባበታል። ሐኪሞች ደረቅ ጉድጓድ የሚሉት ይህ ነው። ብዙውን ጊዜ ሕመሙ የሚጀምረው በተነቀለ በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል ነው። ምልክቱም ይኸው ነው፦ ሲሻለው የነበረ ሰው መልሶ ይብስበታል፤ ሕመሙም ወደ ጆሮ ይወጣል።

በተራ ነቀላ ይህ የሚደርሰው ከመቶ ሰው ከ1 እስከ 5 በሚሆኑት ላይ ነው። ከሁሉም በኋላ የሚበቅለው የታችኛው የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ በቀዶ ሕክምና ሲወጣ ግን ከመቶ እስከ 30 ሊደርስ ይችላል። ሴት አንባቢዎቻችን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን የሚወስዱ ሴቶች ለደረቅ ጉድጓድ ከሌሎች ይበልጥ የተጋለጡ መሆናቸው ታውቋል፤ በኪኒኑ ውስጥ ያለው ሆርሞን የረጋው ደም ቶሎ እንዲሟሟ ስለሚረዳ ነው። ኪኒኑን በራስዎ ፈቃድ ያቁሙ ማለታችን አይደለም። ለጥርስ ሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት፤ ሌላውን ጥንቃቄ ደግሞ እጥፍ ያድርጉት።

<b>የመጀመሪያዋ ቀንና ሌሊት</b>

ከሐኪም ሲወጡ የነከሱትን ጎዝ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ያህል አጥብቀው ይንከሱት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ደሙ ቆመ ይሆን?» እያለ በየአምስት ደቂቃው አውጥቶ ያያል። ባየ ቁጥር ሊረጋ የነበረው ደም ከጎዙ ጋር ተላቆ ይወጣል። ጎዙን ማየት ደም አያቆምም፤ የሚያቆመው ንክሻው ነው። ስለዚህ ሲሄዱ አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ መመሪያውን የሚሰማልዎ፣ በታክሲም «ወራጅ አለ» የሚልልዎ እርሱ ይሁን። ትርፍ ጎዝም ለምነው ይያዙ።

በዚያን ቀን ምራቅዎ ቀላ ቢል አይደንግጡ። ጥቂት ደም በብዙ ምራቅ ሲበረዝ ብዙ ይመስላል። ይዋጡት እንጂ አይትፉ። ደሙ ግን አፍዎን እየሞላ የሚፈስ ከሆነ ንጹሕ ጎዝ አርጥበውና ወፍራም አድርገው አጥፈው በጉድጓዱ ላይ ያድርጉ፤ ቀና ብለው ተቀምጠው ሠላሳ ደቂቃ ሳይነጋገሩ ይንከሱት። ጎዝ ካለቀ ከየሱቁ የሚገኘው የሻይ ቅጠል ከረጢት በፈላ ውኃ ተነክሮ ከቀዘቀዘ በኋላ በጎዝ ፋንታ ቢነከስ ይረዳል፤ በሻይ ቅጠል ውስጥ ያለው ታኒን የተባለው ነገር ደምን ያረጋልና። ይህ ሁሉ ሁለት ጊዜ ተሞክሮ ካልቆመ ቤት መቀመጥ አያስፈልግም።

የማደንዘዣው ኃይል ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ይቆያል። እስኪለቅ ድረስ ምንም አይብሉ፤ ከንፈርዎን፣ ምላስዎን፣ ጉንጭዎን ሳይታወቅዎ ይነክሱታል። በተለይ ሕፃናት የደነዘዘ ከንፈራቸው እንግዳ ነገር ስለሚሆንባቸው ያኝኩታል፤ ማታ አብጦ ሲገኝ እናት ሐኪሙን ትረግማለች። ልጅዎ ጥርሱ ከተነቀለ ማደንዘዣው እስኪለቀው ከዓይንዎ አይራቅ። ጥርሱን ጣራ ላይ መወርወር ከፈለገ ይወርውር፤ እርሱ ጉዳት የለውም።

ስለ ማደንዘዣ ካነሣን አይቀር፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በጥቅምት 1846 በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ኤተር የተባለውን ማደንዘዣ አሽትቶ ሰው ሳይታመም ቀዶ ሕክምና እንዲደረግለት በሕዝብ ፊት ያሳየው ዊልያም ሞርተን ሙያው የጥርስ ሕክምና ነበር። ዛሬ ድዳችን ላይ የሚወጋው ሊዶኬይን ደግሞ በ1943 ስዊድን ውስጥ በኒልስ ሎፍግሬን የተሠራ ነው። ከዚያ በፊት ሰው ጥርሱን የሚያስነቅለው ሁለት ጎረምሳ ይዞት፣ በጉጠት እንደነበር አያቶቻችን ያጫውቱናል። አንዳንዶቻችን ጥርስ ሐኪም ስንባል ጉልበታችን የሚከዳን ያን ወሬ ሰምተን ስላደግን ሳይሆን አይቀርም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። በመጀመሪያዋ ቀን ጉንጭዎን ከውጭ በቀዝቃዛ ነገር ይያዙ፤ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ደቂቃ ይያዙና ያን ያህል ጊዜ ይተዉት። በረዶ የሚሠራ ማቀዝቀዣ የሌለበት ቤት ብዙ ነው። ከማዶ ሱቅ የቀዘቀዘ የለስላሳ ጠርሙስ ተገዝቶ በፎጣ ቢጠቀለል ሥራውን ይሠራል፤ ለስላሳው ግን ለልጆቹ ይሰጥ። እብጠቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሊጨምር ይችላል፤ አፍ እንደ ልብ አልከፈት ማለቱም በተለይ ከኋላኛው ጥርስ ነቀላ በኋላ የተለመደ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን መጉደል እንጂ መጨመር የለበትም።

ሌሊቱን በሁለት ትራስ ራስዎን ከፍ አድርገው ይተኙ። ትራሱ ላይ አሮጌ ነጠላ ይደረብበት፤ ጠዋት ቀይ ነጠብጣብ ቢገኝበት እንግዳ ነገር አይደለም።

<b>ምን ይበላ?</b>

እዚህ ላይ የአገራችን እመቤት ከማንም ፈረንጅ የተሻለ እጅ አላት። ለታመመ፣ ለወለደ፣ ጥርስ ለሌለው ሽማግሌ የሚሆን ለስላሳ ምግብ መሥራት ከእናቷ የተማረችው ነው። የሚጨመረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁሉም ለብ ይበል። የሚፋጅ አጥሚት ከሚፋጅ በርበሬ አይሻልም።

ኮልፌ አካባቢ ገበያ ላይ የማይጠፋው ቡላ ለዚህ የተፈጠረ ነው። የቡላ ገንፎ ማኘክ አይፈልግም፤ ፍርፋሪ ሆኖ ጉድጓድ ውስጥ አይገባም፤ ያጠግባልም። ገንፎው እንደ ወጉ በመካከሉ የሚያፍለቀልቅ ቅቤና በርበሬ ሳይሆን የቀዘቀዘ እርጎ ይደረግበት። የአጃ ሾርባ፣ የተፈጨ ድንች፣ አልጫ ሽሮ በደንብ በራሰ እንጀራ፣ የተፈረከሰ ሙዝ፣ አቮካዶ፣ በዝግታ የተጠበሰ እንቁላል ሁሉ ይሆናሉ። ጾም ለያዘ ሰው የሱፍ ፍትፍት አለ፤ ሱፉ ግን በጣም የተጣራ ይሁን። ተልባ ፍሬው ደቃቅ ነውና ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ ለዚህ ሳምንት ይቅር። ሕመምተኛው መድኃኒት መውሰድ ካለበት የጾሙን ነገር ከንስሐ አባቱ ጋር ይመካከር፤ ረመዳን የሚጾመውም እንዲሁ አዋቂውን ይጠይቅ።

ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቆዳው ያልተላጠ ሽምብራ፣ በርበሬ የበዛበት ወጥ ሁሉ ቢያንስ ለሳምንት ይራቁ። ጫትም እንዲሁ፤ የታኘከው ቅጠል ከጉንጭ ሥር ተቀምጦ የሚውለው ልክ ቁስሉ ባለበት ቦታ ነው። ቀራንዮ መድኃኔዓለም አቅራቢያ የሚኖሩና በወሩ በ27 ማኅበር የሚጠጡ ጥርሳቸውን ያስነቀሉት ዋዜማውን ከሆነ ጠላውን ለሌላ ወር ያቆዩት፤ እዚያ ደርሶ «ትንሽ ብቻ» የማይል አሳላፊ የለምና ቀርቶ መላክ ይሻላል።

ቡናስ? የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ እናውቃለን። በመጀመሪያዋ ቀን አይጠጣም። በሁለተኛው ቀን ለብ ብሎ ይጠጣ። ቡና ካልጠጣች ራሷን የሚያማት እመቤት የቀዘቀዘ ቡና እንደማትወድ ብናውቅም ሌላ ምክር የለንም።

<b>ጠያቂና ሥራ</b>

የሰፈራችን ሰው መልካም ነው፤ ታመመች ሲባል ይመጣል። ነገር ግን ጥርስ ላስነቀለ ሰው ጠያቂ ማለት ማውራት ማለት ነው። ጎዝ ነክሰው ለመጣው ሁሉ «እንዴት ነበር» ተብሎ ሲጠየቁ እየተረኩ ከዋሉ ንክሻው የት አለ? በራሷ ቤት እንግዳ ገብቶ ዝም ብላ መቀመጥ የማይሆንላት ሴት ደግሞ ጀበና ልትጥድ ትነሣለች። በዚያን ዕለት ጠያቂውን የሚቀበል፣ ቡናውንም የሚያፈላ ከቤተሰቡ ሌላ ሰው ይመደብ። ተጠያቂዋ በእጇ ሰላም ብትል አትታማም።

የሥራው ነገር ከዚህ ይከብዳል። ለሁለት ወይም ለሦስት ቀን ማጎንበስ፣ ከባድ መሸከምና እሳት ፊት መቀመጥ አይገባም። ሲያጎነብሱ ደም ወደ ራስ ይወርዳል፤ ሙቀት የደም ሥሮችን ይከፍታል፤ የቆመው ደም መልሶ ሊጀምር ይችላል። የሃያ ሊትር ጄሪካን ውኃ ማንሣት፣ ልብስ አጎንብሶ ማጠብ፣ ምጣድ ላይ መቆም ሁሉም ከዚህ ይገባሉ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ውኃው የመጣው በዚያው ቀን ሊሆን ይችላል። ቢሆንም የሚቀዳ ሌላ እጅ ይፈለግ።

አባወራ አንባቢዎቻችንን አንድ ነገር ልንጠይቅዎ እንወዳለን። ባለቤትዎ ጥርስ ለማስነቀል ቀጠሮ ስትይዝ እርስዎ የትኛውን ሥራ እንደሚረከቡ በዚያው ቀን ተነጋግራችኋል? ገንፎ ማገንፋት የማይችል ወንድ ድንች መቀቀል አያቅተውም። የቀራንዮዋ እናት እንደ ነገሩን፣ በቤታቸው የአሥራ ሰባት ዓመት ወንድ ልጅና ጤናማ ባል በዚያች ማታ ነበሩ፤ ሁለቱም እያዘኑላቸው ከምጣዱ አጠገብ ተቀምጠው አጫውተዋቸዋል። ስድሳው እንጀራ በጊዜው የተሸጠበት ዋጋ ደግሞ ለሁለተኛው ሕክምናና ሳይሠሩ ላለፉት አራት ቀናት አልበቃም።

<b>መድኃኒት</b>

የሕመም ማስታገሻው ማደንዘዣው ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ ቢወሰድ ይሻላል፤ ሕመም ከተቀሰቀሰ በኋላ ማስተኛት ከባድ ነው። ፓራሲታሞል ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊግራሙ በስድስት ሰዓት ልዩነት አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይወሰዳል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት ፍሬ በፍጹም አይለፍ። አይቡፕሮፌን እብጠትንም ስለሚቀንስ ለጥርስ የተስማማ ነው፤ ነገር ግን ምግብ ተበልቶ ይወሰድ፤ የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰውና ነፍሰ ጡር ሐኪም ሳያዝላቸው አይንኩት። አስፕሪን ደም ያቀጥናልና ለዚህ ሕመም ተብሎ አይወሰድም። ለልብ ሕመም በሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱት ካሉ ግን በራሳቸው አያቁሙት፤ ከነቀላው በፊት ለጥርስ ሐኪሙ ይንገሩት። አስፕሪን ሰባብሮ ድድ ላይ ማድረግ በየሰፈሩ የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ ድዱን እንደ እሳት ይልጠዋል።

አንቲባዮቲክ ለተነቀለ ጥርስ ሁሉ አያስፈልግም። ሐኪሙ ካዘዘ ቀኑን ቆጥረው ይጨርሱ፤ ካላዘዘ ከመድኃኒት ቤት «አሞክሳሲሊን ስጡኝ» ብለው አይግዙ፤ ከጎረቤት የተረፈም አይዋሱ። ሜትሮኒዳዞል የታዘዘለት ሰው መጠጥ አይቅመስ፤ ሆድ ያገላብጣል፤ ልብ ያስመታል። የምታጠባ እናት በማደንዘዣው ምክንያት ጡት ማቋረጥ የለባትም፤ ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንም አይከለክሏትም። ትራማዶልና ኮዴን ያለባቸው ጠንካራ ማስታገሻዎች ግን በወተቱ ወደ ሕፃኑ ስለሚያልፉ ማጥባቷን ለሐኪሙ መንገር ይገባታል።

የጨው ውኃ ራሱ ክፉ አይደለም፤ ጊዜው ነው ክፉ ያደረገው። 24 ሰዓት ካለፈ በኋላ በአንድ ብርጭቆ ፈልቶ ለብ ያለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። አፍዎ ውስጥ ይዘው ራስዎን ወዲያና ወዲህ ያዘንብሉ፤ ከዚያ አፍዎን ከፍተው ውኃው ራሱ እንዲፈስ ያድርጉ። በተለይ ከምግብ በኋላ በቀን አራት አምስት ጊዜ ይህን ማድረግ ከማንኛውም የታሸገ መጉመጥመጫ አያንስም። ሌሎቹ ጥርሶች ከመጀመሪያዋ ማታ ጀምሮ በለስላሳ ብሩሽ ይታጠቡ። የወይራ መፋቂያ የለመደ ሰውም ቁስሉ ካለበት ወገን ርቆ ይፋቅ፤ የመፋቂያው ጭረት ጉድጓዱ ውስጥ እንዳይቀር።

ቅርንፉድን አንንቅም። ዩጂኖል የተባለው የቅርንፉድ ዘይት የጥርስ ሐኪሞችም የሚጠቀሙበት ነው፤ ለቀራንዮዋ እናት የተደረገው መድኃኒት ሽታውም ከዚያ የመጣ ነው። ሐኪሙ ግን መጥኖ፣ ጉድጓዱን አጥቦ ነው። የተወቀጠ ቅርንፉድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ የጤና አዳም ቅጠል ትኩስ ቁስል ውስጥ መጠቅጠቅ ቆሻሻ መቅበር ነው። «የጥርስ ትል ያወጣል» ተብሎ የሚታጠነው የአስተናግር ፍሬ ደግሞ መርዝ ነው፤ ሰውን ያስለፈልፋል፤ ልብን ያስቸኩላል፤ ገዳይም ሊሆን ይችላል። ጥርስ ውስጥ ትል የለም።

<b>ቤት የማያስቀምጥ ነገር</b>

ከምላስ ሥር ወይም ከአገጭ በታች ጠንከር ያለ እብጠት ከወጣ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተ፣ ድምፅ ከተለወጠ፣ መተንፈስ ካስቸገረ ሌሊትም ቢሆን ይነሡ። ይህ በጀርመናዊው ሐኪም በሉድቪግ ስም የሚጠራው ሕመም ነው፤ እርሱ በ1836 ጽፎ አሳወቀው። ከጥርስ የተነሣ መመረዝ ወደ አንገት ወርዶ በሰዓታት ውስጥ የአየር መተላለፊያን ሊዘጋ ይችላል። ጠዋት እስኪሆን አይጠበቅም፤ ወጌሻም አይጠራም። ከቀራንዮ ዘነበወርቅ ያለው አለርት ሩቅ አይደለም፤ በ1958 ዓ.ም. ለሥጋ ደዌ ሕክምና የተቋቋመው ይህ ተቋም ዛሬ ለሁሉም የሚያገለግል ሆስፒታል ነው። ጳውሎስ ሆስፒታልም አለ። መኪና ከታጣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ከባድ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ የሚጨምር እብጠት፣ መግል፣ የማይቆም ደም፣ ቀኑ ካለፈ በኋላም ያልለቀቀ የከንፈር መደንዘዝ ሁሉ ወደ ሐኪም ያስመልሳሉ። ስኳር ሕመም ያለባቸው ከሌላው ሰው ቀደም ብለው ይመለሱ። የልብ ቧንቧ ክዳን ሕመም ያለባቸው ደግሞ ነገራቸው የሚጀምረው ከነቀላው በፊት ነው፤ ከአፍ ወደ ደም የሚገባ ተሕዋስ ልብ ላይ እንዳያርፍ ቀደም ብሎ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልጋቸው እንደሆነ ሐኪሙ ይወስናል።

በሌላ በኩል ያለ ምክንያት የሚያስደነግጡ ነገሮችም አሉ። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ጉድጓዱ ላይ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ስስ ሽፋን ይታያል። መግል የመሰላቸው ሰዎች በስንጥር ሲፍቁት አይተናል። መግል አይደለም፤ ከረጋው ደም የተሠራ የመጠገኛ ሽፋን ነውና አይንኩት። ከሳምንታት በኋላ ደግሞ እንደ ስንጥር ያለ ስለታም ነገር ከድድ ብቅ ቢል «ሐኪሙ ሥሩን ትቶብኝ ነው» ብለው አይጣሉ፤ ብዙውን ጊዜ ከጉድጓዱ ጠርዝ የተላቀቀች የአጥንት ስንጣሪ ናትና ሐኪሙ በደቂቃ ያወጣታል። የሚሟሟ ክር ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ራሱ ይወልቃል፤ የማይሟሟው በሳምንቱ ይወጣል። ድዱ በሁለት ሦስት ሳምንት ይገጥማል። ውስጡ በአጥንት እስኪሞላ ግን ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈጃል።

የቀራንዮዋ እናት ዛሬ ደኅና ናቸው። እንጀራቸውን ይጋግራሉ፤ ባለፈው ስናገኛቸው ቆሎም ይቆረጥሙ ነበር፤ በግራ በኩል። አረቄ ያመጣችላቸው ያች ጎረቤታቸው በቅርቡ በተራዋ ጥርሷን አስነቅላ መጣች። እርሳቸው ቀድመው ሄደው ከምድጃው አጠገብ ያለውን በርጩማ ያዙ፤ ጠርሙሱን ከቁም ሣጥኑ ላይ አንሥተው ወደ ቤታቸው ላኩት፤ ከዚያም ለሁለት ቀን የሚበቃ እንጀራ ጋገሩላት። እርሷ አልጋዋ ላይ ሆና ልትናገር አፏን በከፈተች ቁጥር «ንከሺ!» ይሏት ነበር አሉ።